አንድ ሰው ሲታሰር ስንት ሰው አብሮ ይታሰራል?

በ2009 አሰላ ውስጥ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። አንድ ማታ ሳይመጣ ቀረ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። በማግስቱ የባጃጅ ጓደኞቹ መጥተው "ይዘውታል" አሉን። የት እንዳለ ለማወቅ ብቻ 9 ቀን ፈጀብን።

ከዚያ በኋላ ለ4 ወር የቤታችን ሥራ አንድ ሆነ፦ ስንቅ ማቀበል። እማዬ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስታ ትሠራለች፣ እኔ በፌስታል አንጠልጥዬ እሄዳለሁ፣ በሩ ላይ ተሰልፌ እጠብቃለሁ። ትምህርት ቤት የምደርሰው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አልደርስም። የዚያ ዓመት ማትሪክ ውጤቴ ለመሰናዶ አልበቃም።

ወንድሜ ክስ አልተመሠረተበትም። ዳኛ ፊትም አልቀረበም። አንድ ቀን "ሂድ" ተባለና መጣ። የታሰረው እሱ ነው፤ ግን ፈተናውን የወደቅኩት እኔ ነኝ። ይሄን የምጽፈው የኛ ቤት ታሪክ ብቻ ስላልሆነ ነው።

🔹 ቁጥሩ ምን ያህል ነው?

መስከረም 2009 በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ በቆየው በዚያ አዋጅ ከ26 ሺህ በላይ ሰው መታሰሩን የአዋጁ መርማሪ ቦርድ ራሱ ተናግሯል። ከነዚህ ውስጥ ለክስ የታሰቡት 5 ሺህ አይሞሉም። የቀሩት "ሥልጠና" ወስደው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በሌላ አነጋገር ከ5 ሰው 4ቱ ሳይከሰስ ገብቶ ሳይከሰስ ወጣ።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምጻዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ደግሞ ሌላ ዙር መጣ። በኦሮሚያ ብቻ ከ7 ሺህ በላይ ሰው መያዙን የክልሉ ባለሥልጣናት ገልጸው ነበር። ያኔ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ስለነበር ልጁ የጠፋበት ቤተሰብ በቴሌግራም ጠይቆ እንኳ ማፈላለግ አይችልም ነበር።

እነዚህ የፖሊስ ጣቢያና የካምፕ እስሮች ናቸው። በመደበኛዎቹ ማረሚያ ቤቶች ደግሞ ባለፉት ዓመታት በመላ አገሪቱ በማንኛውም ጊዜ 110 ሺህ ገደማ ሰው ይኖር እንደነበር ዓለም አቀፍ መረጃዎች ያሳያሉ። ትልቅ ስታዲየም ሞልቶ የሚተርፍ ሕዝብ ነው። እያንዳንዱ ሰው ደግሞ ቤተሰብ አለው።

🔹 ስንቅ ስንት ያወጣል?

ልዩነቱን እንወቅ። ማረሚያ ቤት፣ ትንሽም ቢሆን፣ የምግብ በጀት አለው። በ2009 አካባቢ የወጡ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሪፖርቶች ለአንድ እስረኛ በቀን 9 ብር ገደማ ይመደብ እንደነበር ጽፈዋል፤ ምግብ፣ ውሃና ሕክምና ሁሉም በሱ ነው። በዚያ ጊዜ አሰላ ላይ በ9 ብር አንድ በያይነቱ አይበላም። ፖሊስ ጣቢያ የተያዘ ሰው ግን ብዙ ጊዜ እሱንም አያገኝም፤ የሚያበላው ቤተሰቡ ነው። ቤተሰብ ከሌለው ከጎኑ ያለው እስረኛ ያካፍለዋል።

አሁን ሒሳቡን ከበቆጂ ለምትመጣ እናት አስቡት። ከበቆጂ አሰላ 50 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የደርሶ መልስ ትራንስፖርት አለ፣ ምግቡ አለ፣ ሳሙናና የውስጥ ልብስ አለ። በሳምንት ሁለቴ ብትመላለስ ገበያ የማትወጣባቸው ሁለት ቀናት አሉ። ልጇ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት ከተዛወረማ ጉዞው በወር አንዴ ይሆናል፣ ቀጥሎ በዓል ሲደርስ ብቻ፣ ከዚያም ይቀራል።

🔹 ስንዴው ማንንም አይጠብቅም

አርሲ ላይ እስር ከወቅት ጋር ይያያዛል። ስንዴ የሚዘራው ሰኔና ሐምሌ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ኮምባይነር ይፈለጋል፣ ወረፋ ይያዛል፣ ዋጋ ይከራከራሉ። አባወራው በነዚህ ወራት ከታሰረ ዳፕና ዩሪያ የሚያወጣም፣ ከባለ ኮምባይነሩ ጋር የሚደራደርም ሰው የለም። ሚስቱ ሁለት ምርጫ አላት፦ መሬቱን ለእኩል መስጠት ወይም በኮንትራት ማከራየት። በእኩል ከሰጠች የምርቱ ግማሽ ሄደ። በኮንትራት ካከራየች ደግሞ ገንዘቡ ለስንቅ ያልቃል፣ ባልየው ሲፈታም ውሉ አላለቀም። ተፈቶ የራሱን መሬት አጥር ላይ ቆሞ የሚያይ ገበሬ አለ።

ልጆቹስ? ትልቋ ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ እናት ስንቅ ስትወስድ ታናናሾቿን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋላ። ወንዱ ሊስትሮ ይሆናል ወይም የባጃጅ ረዳት። ይሄ በየትኛውም የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ አይጻፍም።

ሲፈታ ደግሞ ሌላ ነው። ወንድሜ ከወጣ በኋላ ባጃጁን ያከራየው የነበረው ሰውዬ "ነገር አልፈልግም" አለው። ሰው ከፍርድ በፊት ነፃ ነው የሚለው ሕገ መንግሥቱ ላይ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ግን "ታስሮ ነበር" የሚለው ስም በቂ ነው። ተፈርዶበት የወጣማ የከወንጀል ነፃ ማስረጃ በተጠየቀ ቁጥር ይሳቀቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ የወንጀል ሕጉ "መሰየም" የሚለው ሥርዓት አለው። ቅጣቱን ጨርሶ ሕጉ የሚለውን ዓመት በመልካም ጠባይ የቆየ ሰው ፍርዱ ከመዝገቡ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።

🔹 ሕጉ ምን ይላል?

ስክሪንሻት አድርጋችሁ ያዙት፦

▪️ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የጉዞው ጊዜ አይቆጠርም (ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19)።
▪️ በ48 ሰዓት ካልቀረበ፣ አካሉ ነፃ እንዲወጣ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይቻላል። ይሄ መብት ማንም ሊነጥቀው የማይችል መሆኑ እዚያው አንቀጽ ላይ ተጽፏል።
▪️ ዋስትና መብት ነው፤ ፍርድ ቤት የሚከለክለው ሕግ በሚፈቅድለት ሁኔታ ብቻ ነው።
▪️ የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እስረኛውን መጎብኘት ይችላሉ (አንቀጽ 21)።

ታዲያ ቀዳዳው የት ነው? አንደኛው በ1954 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ፖሊስ ለምርመራ የሚጠይቀው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም ይላል፤ ስንት ጊዜ መጠየቅ እንደሚችል ግን ወሰን አላስቀመጠም። 14 ቀን፣ ደግሞ 14 ቀን፣ እንደገና 14 ቀን። ሁለተኛው ከሕጉ ውጭ የሚደረገው ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2013 በኦሮሚያ 21 ፖሊስ ጣቢያዎችን ተመልክቶ ባወጣው ሪፖርት፣ ሰዎች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ለረጅም ጊዜ እንደሚቆዩ፣ ተፈላጊው ሲጠፋ የቤተሰቡ አባል በምትኩ እንደሚታሰር ገልጿል።

🔹 ተሐድሶው የት ደረሰ?

ምንም አልተለወጠም ማለት ውሸት ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ እስረኞች እንደሚፈቱና ማዕከላዊ ተዘግቶ ሙዚየም እንደሚሆን አስታወቁ። በዚያው ዓመት ማዕከላዊ ተዘጋ፣ በሺዎች ተፈቱ። ቀጥሎ በሶማሌ ክልል ስሙ ሲያስፈራ የኖረው ጄል ኦጋዴን ተዘጋ። የፌደራል ማረሚያ ቤቶች አዲስ አዋጅ ወጣላቸው። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲመጣ ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ከ4 ሺህ በላይ እስረኞችን በይቅርታ ለቀቁ።

ችግሩ ሕንፃ ሲዘጋ ልማዱ አብሮ አለመዘጋቱ ነው። ብጥብጥ ሲነሳ በጅምላ ማፈስ፣ ቀጥሎ መመርመር የሚለው አሠራር በ2012ም፣ ከዚያ በኋላ በመጡት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆችም ተመልሶ መጥቷል።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መዝለል የለብንም። በሰኔ 2012 አርሲ ውስጥ ሰው ተገድሏል፣ ቤትና ሱቅ ተቃጥሏል። ዘመዳቸውን ያጡ፣ ዕድሜ ልክ የለፉበት ንብረት በአንድ ቀን አመድ የሆነባቸው ሰዎች ዛሬም ፍትሕ ይጠብቃሉ። የጅምላ እስር እነሱንም ይጎዳል። 100 ሰው ታፍሶ ሲገባ መርማሪው ጊዜውን ማን እንዳልነበረ ለማጣራት ይጨርሳል፤ ማስረጃው ይጠፋል፣ ምስክሩ ይፈራል። መጨረሻ ላይ ያቃጠለውም ያላቃጠለውም አንድ ላይ "ሂዱ" ይባላል።

🔹 ሌላ መንገድ አለ?

አለ፤ ግማሹ እጃችን ላይ ነው። ለቀላል ወንጀል የወንጀል ሕጉ ራሱ ገደብና የግዴታ ሥራ ያውቃል፤ ሰውየው ቤቱ ሆኖ ይቀጣል፣ እርሻውም አይጾምም። አርሲ ውስጥ ደግሞ ጃርሱማ አለ፣ ደም ሲፈስ ጉማ አለ፣ ሴቶች ሲንቄ ይዘው ሲወጡ የሚቆም ጠብ አለ። ኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህል ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ እውቅና ሰጥታለች። የድንበር ግፊያ፣ የከብት ጠብ፣ የዕዳ ጭቅጭቅ ጣቢያ ሳይደርስ እዚያ ሊያልቅ ይችላል።

ሩዋንዳም ከ1994ቱ እ.ኤ.አ. የዘር ጭፍጨፋ በኋላ ከ100 ሺህ በላይ እስረኛ ይዛ ስትጨነቅ ጋቻቻ የተባለውን የአደባባይ ሸንጎ ተጠቅማለች። ተከሳሹ በቂ መከላከያ አላገኘም ተብሎ ብዙ ተተችቷል። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ ሽማግሌ ሸክም ያቀላል፤ የዳኛን ቦታ ግን አይተካም። ግድያና መደፈር በሽምግልና ተሸፋፍነው መቅረት የለባቸውም።

ለኛ ቤት ግን ይሄ ሁሉ ተሐድሶ አያስፈልግም ነበር። አንዷ 48 ሰዓት ብትከበር ይበቃን ነበር። ወንድሜ በሦስተኛው ቀን ዳኛ ፊት ቢቆም፣ ወይ ማስረጃ ይቀርብበታል፣ ወይ በዋስ ይወጣል፣ ወይ ይለቀቃል።

እሱ አሁን አዳማ ነው፣ የሰው መኪና ይነዳል። ስለዚያ ጊዜ አያወራም። እማዬ ግን ያቺን የስንቅ ሳህን እስከ ዛሬ አልጣለቻትም። ለምን ብዬ ስጠይቃት "ማን ያውቃል ልጄ" ትለኛለች።