ስልክ ሲበራ ማን ይፈትሸዋል?

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ስልክ የቡና ሥራ ዕቃ ሆኗል። የገበያ ዋጋ ይጠየቅበታል፤ በቴሌብር ገንዘብ ይከፈልበታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ሕግ የሚጠይቀው የቡና ማሳ የካርታ ነጥብም በስልክ ሊመዘገብ ይችላል። እንዲህ ያለ ስልክ ሲበራ የሚነሳው ሶፍትዌር አለመነካካቱን የሚያረጋግጠው አሠራር ሴኪዩር ቡት ይባላል።

ፍተሻው የሚጀምረው ከቺፑ ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሲመረት የተቀረጸ፣ ከዚያ ወዲያ የማይለወጥ አጭር ፕሮግራም አለ። የአምራቹ ቁልፍ መለያም አንዴ ከተቃጠሉ በማይመለሱ ጥቃቅን ፊውዞች ተመዝግቧል። ስልኩ ሲበራ ይህ ፕሮግራም አንድሮይድን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ማለትም የቡትሎደሩን፣ ዲጂታል ፊርማ ይመረምራል፤ ትክክል ከሆነ ያስነሳዋል። ቡትሎደሩ በተራው አንድሮይድን ይፈትሻል። አንዲት ፊደል እንኳ ብትቀየር ፊርማው አይገጥምም።

የቺፑ ፕሮግራም የማይለወጥ መሆኑ ግን ዕዳም አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በብዙ የአይፎን ሞዴሎች ቺፕ ላይ በዚሁ የመጀመሪያ ፕሮግራም ውስጥ ስህተት ተገኘ፤ የተሸጡትን ስልኮች በአፕዴት ማረም አልተቻለም።

ሌላም ገደብ አለ። በቡና ጆንያ ላይ ያለ ማኅተም ያሸገውን ሰው እንጂ የፍሬውን ጥራት አይናገርም፤ ፊርማም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ሴኪዩር-ዲ የተባለ የሞባይል ደኅንነት አገልግሎትና በዝፊድ ኒውስ ባወጡት ዘገባ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ አገሮች በተሸጡ ቴክኖ ደብልዩ2 ስልኮች ላይ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች ቀድመው ተጭነው ተገኙ። ባለቤቱ ሳያውቅ በአየር ሰዓቱ ለማይፈልገው አገልግሎት ሊያስመዘግቡት ይሞክሩ ነበር፤ ኤክስሄልፐር ስልኩ ሪሴት ቢደረግም ይመለስ ነበር። አምራቹ ትራንሽን ችግሩን ያመጣው በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ አንድ አቅራቢ መሆኑንና ማስተካከያ መልቀቁን ገልጿል።

ያገለገለ ስልክ ሲገዙ አጥፍተው ያብሩትና የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ይመልከቱ። «ኦሬንጅ ስቴት» የሚል ወይም ቡትሎደሩ መከፈቱን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ከመጣ፣ ፍተሻው ላልቷል ማለት ነው። ባለሙያ የአምራቹን ሶፍትዌር መልሶ ጭኖ ቡትሎደሩን እስኪቆልፈው ድረስ የቴሌብር ፒንዎን አያስገቡበት። ማስጠንቀቂያ ባይኖርም፣ ሳይደውሉበት የአየር ሰዓት የሚጨርስን ስልክ አይመኑት።