ተጨማሪ መረጃ፦ ገጹን ያበላሸው ማን ነው?

በካልጋሪ ሲቲስኬፕ ሰፈር የሚኖር አንባቢ የአማርኛ ገጽ ከፍቶ በፊደላቱ ፋንታ ባዕድ ምልክቶች ቢደረደሩበት መጀመሪያ የሚወቅሰው ብሮውዘሩን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው፤ የይዘቱን ዓይነትና የፊደል ኮዱን የሚናገረውን መግለጫ ከገጹ አስቀድሞ የሚልከው እሱ ነውና። ግዕዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። መግለጫው ኮዱን «አይኤስኦ 8859-1» ካለው ብሮውዘሩ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ ላቲን ምልክት ያነበዋል። የአማርኛ ፊደላት የመጀመሪያ ባይት አንድ ዓይነት ስለሆነም ጭረት የደፋች ትንሽ የላቲን «ኤ» ደጋግማ ብቅ ትላለች፤ በሽታው የሚለየውም በእሷ ነው።

«ገጹ ራሱ ዩቲኤፍ-8 ነኝ ይላል እኮ» የሚል ይኖራል። በኤችቲኤምኤል ደንብ ግን የሰርቨሩ መግለጫ ገጹ ውስጥ ከተጻፈው ይበልጣል። ብሮውዘርም ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም፦ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እስከ 8ኛው እትም ድረስ ጥብቁ የኤችቲኤምኤል ዝርያ ኤክስኤችቲኤምኤል በራሱ የይዘት ዓይነት ሲላክለት ከማሳየት ይልቅ ፋይሉን ላውርድ ወይ ይል ነበር። ነገሩ የተስተካከለው በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው 9ኛው እትም ነው። እስከዚያው ብዙ አዘጋጆች ገጹን ተራ ኤችቲኤምኤል ብለው ይልኩት ነበር፤ በጥብቁ ሥርዓት ገጹን የሚያስቆመው ያልተዘጋ ታግ በዚህኛው በዝምታ ይታለፋል።