ከዋጋው በፊት ባለቤቱ

የእግር ኳስ ጌም በራሳቸው የሠሩ ወጣቶች ሥራቸውን ሊያሳዩኝ ሲመጡ የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ «በስንት ልሽጠው?» ሶፍትዌር በመጻፍና የሌሎችን ሥራ በመገምገም ለዓመታት ቆይቻለሁ፤ መልሴ ግን አልተለወጠም። ዋጋ የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሞ መለየት ያለበት በጌሙ ውስጥ ካለው የትኛው የሠሪው፣ የትኛው የሌላ ሰው እንደሆነ ነው።

ሠሪው ኳስ አፍቃሪ ነውና የሚደግፈውን ክለብ ስም፣ ዓርማ፣ የተጫዋቾቹን ፊት፣ ማልያው ላይ ያለውን የስፖንሰር ጽሑፍ ሳይቀር ያስገባል። የለፋው ኮዱ ላይ ነው፤ ገዢውን የሚስበው ግን ማልያው ነው። ሕጉ ሁለቱን ለየብቻ ያያቸዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚያገኙ ሥራዎች ይቆጥረዋል። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበ ዓርማን ለባለቤቱ ይጠብቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ለታወቁ ሰዎች ሕጉ ራሱ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል፤ በዚያ ተማምኖ የተጫዋች ፊት ለገበያ ማውጣት ግን ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ወጣት ከባድ አደጋ ነው።

በሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ሁሉ ፔስ የተባለውን የእግር ኳስ ጌም ያስታውሳል። ሠሪው ኮናሚ የብዙዎቹ የእንግሊዝ ክለቦች ፈቃድ ስላልነበረው ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ማንቸስተር ሲቲ «ማን ብሉ» እየተባሉ ይጫወቱ ነበር። ደጋፊዎች በጌሙ ውስጥ ባለው ማስተካከያ ገብተው ትክክለኛውን ስምና ማልያ ይሠሩና ፋይሉን በነፃ ያካፍሉ ነበር። በነፃ መስጠት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። ሆኖም እነዚያ ደጋፊዎች ጌሙን አላባዙም፤ በሰው ስምም አልነገዱም። ኮናሚን የሚያህል ኩባንያ ያለ ፈቃድ ያልሸጠውን ስም አንድ ወጣት ዋጋ ለጥፎበት ሲያወጣው ዝም ይሉኛል ብሎ ማሰብ የለበትም።

ባለቤቱ ሲፈቅድ ነገሩ እንዴት እንደሚቀል የሚያሳየው «ሻምፒዮንሺፕ ማኔጀር 01/02» ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣውን ይህን የአሠልጣኝነት ጌም አሳታሚው በ2008 እ.ኤ.አ. በነፃ ለቀቀው። ደጋፊዎቹ ከዚያ በኋላም የተጫዋቾችን ዝውውር እየተከተሉ የቡድኖቹን ዝርዝር በነፃ ሲያድሱለት ኖረዋል።

በነፃ የኖረን ነገር ድንገት ማስከፈል ምን እንደሚያስከትልም ታይቷል። የስፖርት ጌም ባይሆንም የ«ስካይሪም» ታሪክ ለእኛ ትምህርት አለው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. የኢንተርኔት ጌም መደብሩ የስቲም ባለቤት ቫልቭና የጌሙ ባለቤት ቤተስዳ ደጋፊዎች ለዚህ ጌም የሚሠሯቸው ተጨማሪዎች በስቲም ላይ በገንዘብ እንዲሸጡ ፈቀዱ። ለሠሪው የሚደርሰው ከሽያጩ 25 በመቶ ብቻ ነበር። ቁጣው ስለበረታ በቀናት ውስጥ አሠራሩን ሰርዘው ገንዘቡን ለገዢዎች መለሱ።

የሰው ንብረት ከወጣ በኋላ የቀረው የእናንተ ነው፤ ሒሳቡም ከዚያ ይጀምራል። ስቲም ለእያንዳንዱ ጌም 100 ዶላር መግቢያ ያስከፍላል፤ ሽያጩ 1,000 ዶላር ሲደርስ ይመልሰዋል። ከዚያ ውጭ ከሽያጩ 30 በመቶ ይወስዳል። በ5 ዶላር ከተሸጠ ጌም ለሠሪው 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይቀረዋል፤ ግብሩ ገና ነው። ጉግል ፕሌይ ለመመዝገብ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይጠይቃል። ኢች በተባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ግን የድረ ገጹን ድርሻ የሚወስነው ሠሪው ራሱ ነው፤ ገዢውም ከተተመነው በላይ መክፈል ይችላል። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው።

አገር ቤት ችግሩ ሌላ ነው። አብዛኛው ተጫዋች በውጭ አገር መደብር የሚከፍልበት ካርድ የለውም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር መኖሩ የአገር ውስጡን ክፍያ አቅልሎታል፤ ፋይሉ ግን በቴሌግራምና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። አንድ ሰው ሲገዛ ሰፈሩ በሙሉ ይጫወታል። ይህን በቁልፍና በኮድ ለመከልከል ወራት ማጥፋት ድካም ብቻ ነው። ፋይሉ በነፃ ይዙር፤ የሚከፈልበት በየወቅቱ የሚታደሰው የጨዋታ ፕሮግራም፣ በኢንተርኔት የሚደረገው ውድድር፣ ጌም ቤቶች ለሚያዘጋጁት ዋንጫ የሚሰጠው አገልግሎት ይሁን። ይህን ማንም በፍላሽ ገልብጦ አይወስደውም።

ገንዘብ የተቀበለ ሠሪ ደግሞ ግዴታ ገብቷል። ስቲም ላይ ጌሙን ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወተ ሰው በገዛ በ14 ቀን ውስጥ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። በቴሌብር የከፈለ ልጅ እንዲህ ያለ መብት ማን ይሰጠዋል? ሠሪው ራሱ አስቀድሞ በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። ስልኩ ላይ አልሠራ ያለውን ጌም ለማስተካከል ወይም ገንዘቡን ለመመለስ ያልተዘጋጀ ሰው ባያስከፍል ይሻላል።

ለክለቦቻችን ኃላፊዎችም አንድ ነገር ልበል። ስማችሁን በጌም ውስጥ ማየት የሚፈልግ ወጣት ሲመጣ በር አትዝጉበት። ምን መጠቀም እንደሚችል፣ ከገቢው ስንት እንደሚያካፍል፣ ፈቃዱ መቼ እንደሚያበቃ የሚገልጽ አንድ ገጽ ስምምነት ይበቃል። እናንተም ወጣቶች ያንን ወረቀት እስክታገኙ ድረስ የክለቡን ስምና ዓርማ አውጡ፤ የራሳችሁን ቡድን ፍጠሩ። ላባችሁ የፈሰሰበትን ግን አታርክሱት፤ በሚገባው ዋጋ ሽጡት።