«ቁርጥማት» የትኛው በሽታ ነው?

በአዊ ዞን፣ በደጋማዋ እንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ መገጣጠሚያውን የሚያመው ሰው ምን እንዳመመው ሲጠየቅ «ቁርጥማት» ይላል፤ መንስኤውንም ብዙ ጊዜ ለብርድ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ይህ ቃል ቢያንስ ሦስት በሽታዎችን ይሸፍናል፤ እነርሱም ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የልምአጽም መሳሳት፣ በዩሪክ አሲድ ክምችት የሚነሳው ሪህ፣ እንዲሁም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ሩማቶይድ አርትራይተስ ናቸው።

ታዲያ የታማሚው ቃል ምን ያህል ያስተማምናል? ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ አለብን ካሉ ሴቶች መካከል በሕክምና መዝገብ የተረጋገጠላቸው 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የበሽታውን ግስጋሴ የሚገቱ መድኃኒቶችን የሚወስዱት ተለይተው ሲታዩ ግን መጠኑ ወደ 62 በመቶ ከፍ ብሏል።

ከዚህ የምንረዳው ታማሚው ሕመሙን በሚገባ እንደሚያውቅ፣ የሚስተው ግን የበሽታውን ስም እንደሆነ ነው። ስለዚህ «ምን በሽታ አለብዎት?» ከማለት ይልቅ፦ የትኞቹን መገጣጠሚያዎች ያምዎታል? ጠዋት ለመፍታታት ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል? ከጀመረዎት ስድስት ሳምንት አልፏል? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ብሎ መጠየቅ ይበጃል። መልሱም በምርመራ ይጣራል። ሩማቶይድ አርትራይተስ በወቅቱ ካልታከመ አጥንትን ይሸረሽራልና፣ «ብርድ ነው» ተብሎ ያለፈው ጊዜ በቀላሉ አይካስም።