ሁለቱ ባትሪዎችና የሾፌሩ ቬንትሌተር

ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቆቦ የደረሰውን መንገደኛ በመጀመሪያ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። ከተማይቱ በራያ ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ1,500 ሜትር በታች የተቆረቆረች ስለሆነች፣ በግንቦት ሌሊት እንኳ ነፋስ ይናፈቃል። ስለዚህም ረጅም መንገድ የሚነዱ ሾፌሮች ጋቢናቸውን መኝታ ቤት አድርገው፣ ቬንትሌተር ከመኪናው ባትሪ ጋር ያያይዛሉ። ነገሩ ለእኛም ቀላል መስሎን ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ቆቦ አድረን ሳለ፣ ቀይ ሽንኩርት የጫነ ባለተሳቢ መኪና ጧት አልነሣ አለ። ሽንኩርት ደግሞ በዚያ ፀሐይ ሸራ ለብሶ የሚቆይ ዕቃ አይደለም። የተጠራው ወጣት ኤሌክትሪሺያን ቢለካ፣ አንደኛው ባትሪ 12.6፣ ሁለተኛው 11.6 ቮልት ሆኖ ተገኘ።

«ጋሼ፣ ቬንትሌተሩን ከአንዱ ብቻ ነው የሳቡት» አላቸው።

«ታዲያ ባለ 12 ቮልት አይደለም እንዴ?» አሉ ሾፌሩ።

ጥፋቱ ከዚሁ ላይ ነበር። የከባድ መኪና መሥመር 24 ቮልት ነው፤ ይኸውም የአንዱ ባትሪ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር ተያይዞ የሚገኝ ነው። ይህን በፊዚክስ ክፍል ተምረነዋል፤ ጋቢና ውስጥ ስናገኘው ግን አላወቅነውም። 36 ዋት የሚፈጅ ቬንትሌተር በ12 ቮልት 3 አምፔር ይስባል፤ 10 ሰዓት ቢሽከረከር ከባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 30ው ይሄዳል። ጧት ዲናሞው ሲሞላ ሁለቱን እንደ አንድ ቈጥሮ እኩል ያጐርሳቸዋል። የጠገበው ከልክ አልፎ ውሃው ይፈላል፤ የተራበው ሳይጠግብ ይውላል። እንዲህ ሲከርም በውስጡ ባሉት የእርሳስ ዝርጎች ላይ ነጭ ሰልፌት ይጋገርበታል። የቆላው ሙቀትም ሁለቱን ያለ ዕድሜያቸው ያስረጃቸዋል።

መድኃኒቱ 24ቱን ወደ 12 የሚያወርድ መሣሪያ ከሁለቱም ላይ ማያያዝ ነው። ለመኝታው የራሱ ባትሪ ቢኖረው ደግሞ የተሻለ ነው፤ ቬንትሌተሩ ቢያሟጥጠው እንኳ ሞተሩ ይነሣልና።

ወጣቱን ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠው ግን ሽቦው ነው፤ ቀጭን፣ ፊውዝ የሌለው፣ በብረት ጠርዝ ላይ የሚፋተግ። 60 ዋት በቤታችን 220 ቮልት ሩብ አምፔር ገደማ ሲሆን፣ በ12 ቮልት 5 አምፔር ነው፤ የመኪና ሽቦ መወፈር ያለበት ስለዚህ ነው። ልባሱ ተልጦ ብረት ቢነካ፣ ባትሪው ብዙ መቶ አምፔር በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ሽቦው ይግላል፣ ፍራሹ ይያያዛል፣ ሾፌሩም ተኝተዋል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ካልሆነና ከቬንትሌተሩ ዘንድ ከተቀመጠ፣ በመካከል ያለውን ሽቦ አይጠብቅም።

መኪናው ከሌላ ባለ 24 ቮልት መኪና በኬብል ተበድሮ አራት ሰዓት ገደማ ተነሣ። ሾፌሩ ቀጭኑን ሽቦ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና፣ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ወልድያ አቀኑ።