ሲሊንደር ላይ በርነር ስንገጥም ምን እንጠንቀቅ?

ካኩማም ሆነ ናይሮቢ ኢስሊ ያላችሁ ወገኖቻችን ባለ 6 ኪሎዋን የጋዝ ሲሊንደር በደንብ ታውቋታላችሁ። በርነሩ አናቷ ላይ ይጠመዘዛል፣ የድስት ማስቀመጫው ይደረባል፣ አለቀ። ከጭስና እንጨት ፍለጋ ከመንከራተት ትገላግላለች። ግን በካምፕ ቤቶቻችን የተጠጋጉ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሸራ አለባቸው። አንድ ቤት የተነሳ እሳት ጎረቤትንም ይዞ ይሄዳል።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው በግፊት ፈሳሽ የሆነ የፕሮፔንና የቡቴን ጋዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ መሬት ለመሬት ሄዶ ጥግ ላይ ይጠራቀማል። በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ ያ የሚከረፋው ሽታ እንድንነቃ ተብሎ የሚጨመር ነው።

የሲሊንደሯ አፍ ውስጥ በስፕሪንግ የምትዘጋ ትንሽ ፒን አለች። በርነሩ ሲጠብቅ ፒኗን ይጫናታል፣ ጋዙም ይለቀቃል። አገጣጠሙ እንዲህ ነው፦

1. ሲሊንደሩን ነፋስ በሚገባበት ደልዳላ ቦታ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። አጠገቡ ከሰል፣ ሻማ፣ ሲጋራ አይኑር። ቡና እየፈላ ከሆነ፣ ዕጣኑም ከሰሉም እስኪጠፋ ይቆይ።
2. መጋጠሚያው ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት እዩ። ከተሰነጠቀች፣ ከደረቀች ወይም ከሌለች አትግጠሙ።
3. የበርነሩን መክፈቻ አስቀድማችሁ ዝጉ። ክፍት ከሆነ፣ ፒኗ እንደተጫነች ጋዙ በቀጥታ ይወጣል።
4. በርነሩን ቀጥ አድርጋችሁ በእጅ ብቻ ጠምዝዙ። በፒንሳ ማጥበቅ ጎማዋን ይጨፈልቃል፣ ጥርሱንም ያበላሻል።
5. መክፈቻው እንደተዘጋ፣ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ካበጠ ጋዝ ያፈሳል ማለት ነው። በክብሪት መሞከር በጭራሽ አይሆንም!
6. ስትለኩሱ ክብሪቱ ይቅደም፣ ከዚያ መክፈቻውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ።

ጋዝ ከሸተታችሁ እሳት ሁሉ ይጥፋ፣ በር ይከፈት፣ ሰው ይውጣ፣ ጎረቤት ይነገረው። መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። እሳት ካልተነሳ ሲሊንደሩን ውጭ፣ ከእሳት ርቆ አስቀምጡት። በርነሩን ስትፈቱት ፒኗ ተመልሳ መዝጋት አለባት፤ ከዚያም በኋላ ካፈሰሰ ወደ ሻጩ ይመለስ።

እንጀራ ለምትጋግሩ እናቶችና እህቶች፦ ሰፊ ምጣድ እዚህች በርነር ላይ አይጣድ። አንደኛ፣ ከላይ ስለሚከብዳት ትገለበጣለች። ሁለተኛ፣ ምጣዱ ሙቀቱን ወደ ታች ይመልሰውና ሲሊንደሩን ያግለዋል። ለምጣድ ለብቻው የሚቀመጥ፣ በጎማ ቱቦና በሬጉሌተር የሚገናኝ ምድጃ ይሻላል።

ስትገዙም፣ ከትልቅ ሲሊንደር ተገልብጦ የተሞላ በርካሽ ቢቀርብላችሁ እምቢ በሉ። ፈሳሹ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ባዶ ቦታ መተው አለበት፤ እንዲህ የሚሞሉ ሰዎች ይህን አይለኩም። 6 ኪሎ የሚባለው የጋዙ ክብደት ብቻ ነው። የባዶው ሲሊንደር ክብደት ብረቱ ላይ ተጽፏል፤ አስመዝናችሁ ቀንሱት፣ አትታለሉም።

ሰው ከተቃጠለ ወዲያውኑ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፣ ከዚያ ወደ ክሊኒክ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትቀቡት።

ይህን ላላነበበ ጎረቤት ንገሩት። የእሱ ሲሊንደር ለእናንተም ቤት ቅርብ ነው።