ከቫክስ እስከ ዳቦ መጥበሻ፦ ኔትቢኤስዲ

እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ የዳቦ መጥበሻ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር ገጥሞ ለዕይታ አቀረበ። የጫነበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኔትቢኤስዲ ነበር። ዳቦ ለመጥበስ ከርነል አያስፈልግም፤ ነገሩ ማስታወቂያ ነው። ምርጫው ግን ያለ ነገር አልነበረም። በ1993 ከበርክሌይ ዩኒክስ የተወለደው ይህ ነፃ ሲስተም ስሙ የሚነሳው በየዓይነቱ ማሽን ላይ በመሥራቱ ነው፤ በተራ ፒሲ፣ በአሚጋ፣ በሴጋ ድሪምካስት፣ በ1977 ገበያ ላይ በዋለው ቫክስ ሳይቀር።

ከርነል በፕሮግራሞችና በሃርድዌሩ መካከል ቆሞ ሜሞሪውን፣ ፕሮሰሰሩንና ዲስኩን የሚያከፋፍለው የሲስተሙ እምብርት ነው። የማሽኑን ጠባይ ከማንም በላይ ማወቅ ያለበት እሱ ነው፤ ጠባዩ ደግሞ ከማሽን ማሽን ይለያያል። ለምሳሌ 258 በሁለት ባይት ሲቀመጥ አንዱ ባይት 1፣ ሌላው 2 ይሆናል። የጥንቱ ስፓርክ ፕሮሰሰር 1ን ያስቀድማል፤ ኢንቴል 2ን። አንዱ ዲስክ ላይ የጻፈውን ሌላው እንዳለ ቢያነበው 258 የነበረው 513 ሆኖ ይወጣል። የስህተት መልእክት እንኳ አይታይም።

የኔትቢኤስዲ ሰዎች ዘዴ የጋራውን ኮድ ከየማሽኑ ኮድ አጥብቆ መለየት ነው። የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ካርዱን በቀጥታ አይነካም፤ «እዚህ ቦታ ላይ ይህን ቁጥር ጻፍልኝ» ብሎ ያዛል፣ አጻጻፉን የማሽኑ ኮድ ያውቅበታል። የመጀመሪያዎቹ አልፋ ፕሮሰሰሮች አንድ ባይት ለብቻው ወደ ሜሞሪ የሚጽፍ ትእዛዝ አልነበራቸውም። ድራይቨሩ ግን ይህን ማወቅ አያስፈልገውም፤ ለፒሲ የተጻፈው ራሱ አልፋ ላይም ይሠራል።

ሲስተሙን ወደ አዲስ ማሽን ማሻገሩ የአንድ ሰሞን ሥራ ነው፤ ጣጣው ማቆየቱ ላይ ነው። አንዱ የሜሞሪ አያያዙን ባሻሻለ ቁጥር የሁሉም ማሽን ኮድ አብሮ መስተካከል አለበት። ቫክስ የራሱን ሲስተም ልገንባ ቢል ቀናት ስለሚፈጅበት ሥራው ፈጣን ፒሲ ላይ ያልቃል። ሆኖም ኮዱ ተገንብቶ አለቀ ማለት ይነሳል ማለት አይደለም፤ አሮጌውን ማሽን ቤቱ አስቀምጦ የሚሞክር ሰው ይፈለጋል። ሰው ሲጠፋ የሚሆነውን ሊኑክስ አሳይቷል፦ በ2018 የወጣው ሥሪት 4.17 ስምንት የፕሮሰሰር ዓይነቶችን በአንዴ አሰናበተ፤ በ2024 መጀመሪያ የወጣው 6.7 ደግሞ የኢንቴልን ኢታኒየም።

ለአሮጌ ብረት ይህን ያህል መልፋት ከንቱ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ስፓርክ ባለ አራት ባይት ቁጥር ለአራት ከማይካፈል አድራሻ አንብብ ቢባል ወዲያው እምቢ ይላል፤ ኢንቴል ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ያነባል። ስለዚህ ፒሲ ላይ ተደብቆ የከረመ የኮድ ስህተት ስፓርክ ላይ በመጀመሪያው ሙከራ ይጋለጣል። ኮዱን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉመው ኮምፓይለር በአዲስ ሥሪቱ ፈጣን ትእዛዞችን ሲመርጥ ደግሞ ያው ስህተት ፒሲውንም ሊጥለው ይችላል። እርማቱ የሚገባው የጋራው ኮድ ውስጥ ስለሆነ ስፓርክ አይቶ የማያውቅ ተጠቃሚም ያገኘዋል።